ጣት ሲነሣ የሚናገር ክራር

ጋሽ መሸሻ ጦር ኃይሎች ላይ የኮልፌ ታክሲ ሰልፍ ይዘው ሲጠብቁ፣ ከፊታቸው የቆመች ወጣት ስልኳን አጥሩ ላይ አስደግፋ ጣቶቿን በባዶ አየር ማወዛወዝ ጀመረች። መጀመሪያ የምትጸልይ መሰላቸው። ቆይተው ያመማት መሰላቸው፤ ሰው ያላወቀውን ነገር ቶሎ በበሽታ መተርጎም ይወዳልና። ዞር ስትል ግን የጎረቤታቸው የአቶ ዳኛቸው ልጅ ማራናታ ሆና ተገኘች፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው፣ በቸርች ኪቦርድ የምትጫወተው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ ምን እግር ጣለዎት?»

«ጉዳይ ነው ልጄ።»

ጉዳያቸው ቀላል አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ክራር ያስተማሩበት የወጣት ማእከል ክፍል ሊወሰድባቸው ነው። ሃያ ሦስት ልጆች ተመዝግበው ክራሩ ሦስት ብቻ በመሆኑ፣ ልጆቹ ተራ መጠበቅ እየሰለቻቸው ይቀራሉ። ኃላፊው አቶ ጥሩነህ ክፍሉን ከሰኞ ጀምሮ ለኮምፒውተር ሥልጠና ሊሰጡት ወስነዋል። ጋሽ መሸሻ ክራር በውሰት ሊለምኑ አንድ ማኅበር ሄደው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ነበር።

«አንቺስ፣ ጣትሽን ምን ነካው?»

«ክራር እየመታሁ ነው ጋሼ።» ማዳመጫዋን ሰጠቻቸው። እውነትም የክራር ድምፅ ነበር። «ራሴ የሠራሁት ፕሮግራም ነው፤ ካሜራው እጄን ያያል። በቀኜ አየሩን ስገርፍ፣ የግራ ጣቶቼን አይቶ ድምፁን ያወጣል። እንጨትም ቆዳም አይፈልግም።»

ጋሽ መሸሻ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። «ይህማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ክራር ይታቀፋል፤ ክሩ ጣት ያቆስላል። ሳይቆስል የተማረ እጅ ምን ያውቃል? ደግሞስ ክፍሌን የሚነጥቀኝ ይኸው ኮምፒውተር አይደለም?»

«ሃያ ልጅ ተራ ሲጠብቅ ከሚቀር፣ በአየሩ ቢለማመድ አይሻልም?»

«መጠበቅም ትምህርት ነው።»

«እሺ ጋሼ። የጠበቁት ልጆች ታዲያ የት አሉ?»

ይህ ጥያቄ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ። ታክሲው መጣና አብረው እስከ ኮልፌ ሄዱ። ሲወርዱ፣ «እስቲ እቤታችሁ እንግባና እኔ ልሞክረው፤ አሳፍሬው ልመልስልሽ» አሏት።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቆመችላቸው። ጋሽ መሸሻ እንደ ልማዳቸው የግራ እጃቸውን አምስቱንም ጣቶች አውርደው በቀኛቸው ገረፉ። ድምፁ ሁሉ ባንዴ ጮኸ። አንዱን ጣት ቢያነሡ ጭራሽ የዚያ ጣት ድምፅ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ የሚጮኸው እኮ ጣት ሲወርድ ነው።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ኪቦርድ ላይ ስንጫን አይደል የሚጮኸው?»

አሁን ከልባቸው ሳቁ። ክራራቸውን ከያዙት ከረጢት አውጥተው አቀፉት። «እዪ። በግርፍ ስንመታ የወረደ ጣት ያፍናል፤ የተነሣው ነው የሚናገረው። ክሮቹን ሁሉ ባንዴ ትገርፊያለሽ፤ ዝም ማለት ያለበትን ጣትሽ ዝም ያሰኘዋል። ክራር መማር ማለት ልጄ፣ ማፈን መማር ነው።»

ሌላ ምሩቅ ቢሆን ባኮረፈ ነበር። መታረም የሚያሳፍረው ሰው ዲግሪው ለግድግዳ ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ ማራናታ ግን የዚያ ዓይነት አልነበረችም። «ስድስት ወር ሙሉ ለፋሁበት፤ ቀድሜ ብጠይቅዎት ምን ነበረበት?» አለች።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ። እኔስ በደጅሽ ስወጣ ስገባ ምን ትሠሪያለሽ ብዬ መቼ ጠየቅኩሽ?»

ከሰዓት በኋላውን አብረው ሠሩ። እርሷ የጣቱን ሥርዓት ገለበጠችው፤ እርሳቸው ቅኝቱን በጆሯቸው አስተካከሉላት። በመጨረሻ ጋሽ መሸሻ በባዶ አየር ገርፈው አንድ ጣት አነሡ፤ አንድ ድምፅ ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ። ደግመው ገረፉ። የገዛ እጃቸውን ከማያውቁት ዕቃ ውስጥ ሲሰሙት ደረታቸው በኩራት ሞላ፤ ይህንንም አልደበቋትም።

ሰኞ አቶ ጥሩነህ ካሜራ ያላቸው አሥር ኮምፒውተሮች አስጭነው ሲመጡ፣ ጋሽ መሸሻ በሩን ከፍተው ተቀበሏቸው። «እንኳን ደህና መጡ። አሥር ኮምፒውተር ለእኔ አሥር ክራር ነው።»

«ይቀልዳሉ ልበል?»

«አልቀልድም። ማራናታ የሠራችው ፕሮግራም በካሜራ እጅ አይቶ የክራር ድምፅ ያወጣል። ጧት እርስዎ ያሠልጥኑበት፤ ከሰዓት ለእኔ ይሁን። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ተራ ጠብቆ የሚቀር የለም። ጣቱ ሥርዓቱን የለመደ ወደ እንጨቱ ይመጣል፤ እቤቱ ክራር የሌለውም በእናቱ ስልክ ይለማመዳል። እኔ ባልፍ ደግሞ ያወቅኩት ከእኔ ጋር አይቀበርም።»

አቶ ጥሩነህ በሐሳቡ ባያምኑበትም አንድ ወር ፈቀዱ።

ወሩ ሲሞላ ሊፈትኑ መጥተው፣ ሃጂራ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ራሳቸው መረጡ። ሃጂራ እስከዚያ ቀን የተለማመደችው በካሜራው ፊት ብቻ ነበር። የእንጨቱን ክራር አቀፈች፤ ጣቶቿን ክሮቹ ላይ አሳረፈች፤ አንዱን አነሣችና ገረፈች። አንድ ክር ብቻ ተናገረ፤ የቀሩት ጸጥ አሉ። ከዚያ ዜማውን ሳትሰናከል ዘለቀችው።

«ማነው ያስተማራት?» አሉ አቶ ጥሩነህ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ተማሪ በሰው ፊት አመስግነው የማያውቁት ጋሽ መሸሻ ተነሡ። «እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ጥግ የቆመችውን ማራናታን በክንዷ ይዘው ወደ ፊት አወጧት። «እኔና ይህቺ ልጅ ነን።»

አቶ ጥሩነህም ከሰዓቱ የክራር ሆኖ እንዲቀጥል ወስነው የክፍሉን ቁልፍ ለሁለቱ ሰጡ።