ባለቤቱ ያልታወቀ ዲስክ

የክላውድ ዲስኮችን፣ በኢንተርኔት የተከራየናቸውን የመረጃ ማስቀመጫዎች፣ በእጃችን የምናስተዳድር ሁለት ነበርን፤ ሥራው ለፕሮግራም ሊሰጥ ስለሆነ የሚመረጠውን ፕሮግራም የጻፈው አንዳችን ብቻ እንደሚቀር ተነገረን። ጅማ ባለ የቡና ላኪ ቢሮ ነው። ባልደረባዬ ተስፋሁን የጻፈው ፕሮግራም በክላውዱ ላይ ከሚሠራ ከየትኛውም ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) ጋር ያልተያያዘ ዲስክ ሲያገኝ ወዲያው ያጠፋል። የእኔው ለቅርንጫፎች ሁሉ መልእክት ልኮ ሠላሳ ቀን ይጠብቃል። «አቦ ተወው፣ ለዲስክም ሐዘን ይቀመጣል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። በወጣትነቴ ሊሙ ገነት ጆንያ ስሸከም ስም ያልተጻፈበትን ቡና ከሌላው ጋር ስለደባለቅኩ፣ መጋዘን ጠባቂው አባ ፊጣ «ባለቤቱ እስኪመጣ ግድግዳ ሥር ይቆማል!» ብለው ከሥራ አባረውኛል። ትምህርቱን በረሃብ ነው የያዝኩት።

አለቃችን የእኔን ፕሮግራም እየሞከሩ ሳለ፣ ስለ አንድ ያልተያያዘ ዲስክ የላከው መልእክት ደርሷት ከሊሙ ቅርንጫፍ ዘሃራ ደወለች። «ወላሂ ያ ዲስክ የእኔ ነው! የገበሬዎቹ ማሳ ካርታ በሙሉ እዚያ ላይ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለንም።» አለቃችን ወደ ተስፋሁን ዞሩ። «የሞከርነው ያንተው ፕሮግራም ቢሆን ኖሮስ?» አሉት። የቀረሁት እኔ ነኝ።