የአያ መልሰው ኩሬና ሁሉን የሚበላው ዓሣ

ጎረምሳው ያለው ከሰቆጣ ገበያ ሲመለስ አያ መልሰውን ዶማ ተሸክመው ወደ ጓሯቸው ኩሬ ሲገሰግሱ አገኛቸው። ዶማው አላማረውም። ባለፈው ክረምት ከተከዜ በጀሪካን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አምጥቶ፣ ሳያስፈቅድ ኩሬያቸው ውስጥ የጨመረ እሱ ነዋ!

"ደህና ዋሉ አያ? ዶማው ለምንድን ነው?"

"ኩሬውን ልንደው! ያንተን ጉድ ከነውሃው ላፈሰው!"

"ኧረ በማርያም! ሽንኩርትዎስ ምን ሊጠጣ ነው?"

"ይድረቅ! ትላንት ቁጭ ብዬ አየሁት። አረንጓዴውን ይግጣል፤ ዞር ይልና ትል ይውጣል። ከብት ከሆነ ሣሩን ይብላ፤ አውሬ ከሆነ ሥጋውን። ሁለቱንም የሚበላ ንጹሕ አይደለም!"

ያለው ሳቁን ዋጠ፤ የተቆጣ ሽማግሌ ፊት መሳቅ ዱላ ያስቀምሳል። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም፣ ምላሱ ግን ኮሌጅ የገባ ነበር።

"እሺ አያ፣ ለገና የሚያደልቧት ዶሮ ምን ትበላለች?"

"ዶሮማ ጥሬ ነው የምትበላ።"

"ጥሬ ብቻ?"

እግዜር ሲያግዘው ቀይዋ ዶሮ ከአጥሩ ሥር እንሽላሊት አፈፍ አድርጋ፣ መሬት ላይ ደብድባ ዋጠችው። ጅራቱ ገና ከአፏ ውጭ ነበር። ከዚያ ዞር አለችና ጎመናቸውን ትነጭ ጀመር።

አያ መልሰው ዶሮዋን አፍጥጠው አዩ።

"ረክሳ ከሆነ ለኔ ይስጡኝ። እኔ ልርከስልዎ።"

"ዝም በል፣ ወስላታ!" አሉ። ከንፈራቸው ግን ከዳቸው፤ ሳቁ።

"ሁሉን መብላቱ እኮ ነው ጥቅሙ፣ አያ። አረንጓዴውን ይጠርጋል፣ የትንኙን እጭ ይለቅማል። ዘንድሮ ትንኝ ነከሰዎ?"

"እውነትም ሰርክአዲስ 'ዘንድሮ እንቅልፍ አገኘሁ' ስትል ሰምቻለሁ።" ሰርክአዲስ ሚስታቸው ናቸው። "የጾሙስ ነገር?"

"እሱን ከቄሱ ጋር ይጨርሱ፤ እኔ የምከራከረው ለፍስኩ ነው። ሲወፍር ለልጅ ልጆችዎ ወጥ ነው፤ ኩሱ ያለበት ውሃም ሽንኩርቱን ያፋፋል።"

ሽማግሌው ዶማቸውን ጣሉ። የጎመን ቅጠል ቀንጥሰው ቢወረውሩ ውሃው በአፍ ብቻ ተሞላ።

አንድ ኩሬ ትንኝ ከቀነሰ፣ ሽንኩርት ካጠጣ፣ ልጅ ካጠገበ፣ ምን ቀረው? ያለው ይህን ሊናገር ውሃው ላይ ጎንበስ ሲል አያ መልሰው በክርናቸው ገፉት፦

"ዞር በል! ጥላህ ምሳቸውን ከለከላቸው!"