በስልክ የተነገረው ሕልም፦ የጠበቃ ዘርዓይ አስፍሃ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ዘመዶች፣ የማይ ጭሆት ጎረቤቶች፣ ከአዲስ አበባ የመጣችሁ የባለቤታቸው ቤተሰቦች፤ ጉሙ ከምፅዋ በኩል እየወጣ ባለበት በዚህ ሰዓት ወንድሜን አቶ ዘርዓይ አስፍሃን ለመሸኘት እስከ ቤት ጊዮርጊስ ዳገት ድረስ ስለ ወጣችሁ ቤተሰቡ የቐንየልና፣ እናመሰግናለን ይላችኋል። እኔ ታናሽ እህታቸው ለተዝጊ ነኝ። ሰው ፊት መናገር እንደማይሆንልኝ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ዓይኔን ከወረቀቱ ባላነሣ ከንቀት አትቁጠሩብኝ። ቤት ውስጥ ዘሩ ነበር የምላቸው፤ እዚህ ግን ለክብራቸው በሚገባው ቃል አነባለሁ። በታሪካቸው መካከል የእኔ ጥፋት አለበት፤ በዚያ ጥፋት ምክንያትም አሁን ከመካከላችሁ የቆሙ አንድ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስማቸው ጠፍቶ ኖሯል። ንባቡ እንደ ልማዱ ስለማይሆን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አቶ ዘርዓይ ከአባታቸው ከአቶ አስፍሃ ባህታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምልእተ ተስፋዝጊ በ1943 ዓ.ም. በአስመራ ከተማ በዓኽርያ ሰፈር ተወለዱ። አባታችን ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ቤታችን አንድ ክፍል፣ ክፍሉም ሱቅ ስለ ነበረ ልጆች የምንተኛው ከመደርደሪያው ሥር ነበር፤ በላያችን የተደረደሩት ራዲዮዎች ሲሞከሩ አንዱ በዐረብኛ ይዘፍናል፣ አንዱ በጣልያንኛ ያወራል፣ ሌላው ቃል ጠፍቶት እንደ ሩቅ ዝናብ ያንሿሿል፤ እኛም የትኛው ድምፅ ከራዲዮው፣ የትኛው ከእንቅልፋችን እንደ መጣ ሳንለይ አደግን። ጠዋት እናታችን ሻሂ እየቀዱ "ሎምስ እንታይ ሓሊምካ?" ዛሬስ ምን ሕልም አየህ ብለው ሲጠይቋቸው፣ አቶ ዘርዓይ ሕልማቸውን እየሳቁ ይተርኩ ነበር፤ ከሕልሙ ይልቅ የሚያስቀን የእርሳቸው ሳቅ ነበር። ይህ ልማድ እስከ መጨረሻቸው አልተዋቸውም።

ትምህርታቸውን በትግርኛ ጀምረው፣ የመማሪያው ቋንቋ ሲለወጥ በአማርኛ ቀጥለው፣ ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ፈጽመው ወደ አዲስ አበባ በመሄድ የሕግ ትምህርት ተምረዋል። በስድስት ዓመት የማንሳቸው እኔ ከመጀመሪያው በአማርኛ ስለ ተማርሁ በድርሰት ሽልማት አገኝ ነበር፤ ዓረፍተ ነገርን አሳምሮ መጻፍ በዓለም ላይ ያለ ፍርሃት የምሠራው ብቸኛ ነገር ነበር። ይህን ስለ ራሴ የማነሣው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልግ ነው።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፍቅርተ ደጉ ጋር የተዋወቁት በአዲስ አበባ ለልደት ምስክር ወረቀት በተሰለፉበት ሰልፍ ውስጥ ነው። ወይዘሮ ፍቅርተ እንደሚሉት፣ ከፊታቸው የነበረው ወጣት ተራውን ለቆላቸው ወደ ኋላቸው ዞረ፤ ከዚያም በእጃቸው የያዙትን ማመልከቻ እንዳያነብ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ቆመ። ወይዘሮ ፍቅርተ የጦር መኮንን ልጅ ሆነው በአስመራ ስላደጉ ንግግሩን ለይተው "ስምካ መን እዩ?" ስምህ ማን ነው አሉት። አቶ ዘርዓይ አባታችን በ1973 ዓ.ም. ሲያርፉ እናታችንን ለመጦር ወደ አስመራ ተመልሰው በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የሕግ ክፍል ሲቀጠሩ፣ ቤተሰቡም ወደ ማይ ጭሆት ሲዛወር፣ እጮኛቸው በአዲስ አበባ መምህርት ሆነው ቀሩ።

ቤታችን ስልክ አልነበረም። ስለዚህ አቶ ዘርዓይ በየቅዳሜው ጠዋት ፌርማታው አጠገብ ወደ ነበረው ወደ አቶ ገረዝጊሄር ባር ሄደው፣ ከባንኮኒው ላይ ስልኩን አንሥተው፣ በማዞሪያ በኩል ከአዲስ አበባ ጋር ይገናኙ ነበር፤ አቶ ገረዝጊሄርም ብርጭቆ እየወለወሉ "ኣታ ዘርዓይ፣ ሁሉን አሁን ከጨረስክባት ስትጋቡ ምን ልታወራት ነው?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በኅዳር ወር 1977 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ አቶ ዘርዓይ ያዩትን ሕልም ለእጮኛቸው ነገሩ። ሕልም በእናት ቋንቋ ካልተነገረ አይጥምም ስለሚሉ የነገሯቸው በትግርኛ ነው። ባሕሩ ከምፅዋ ተነሥቶ፣ ዳገቱን በጸጥታ ወጥቶ፣ እዚህ ቤት ጊዮርጊስ ደርሶ ቆሟል፤ ውሃው ሙቅና ጥርት ያለ ስለ ሆነ በሥሩ መንገዱና ቁልቋሉ ይታያል፤ ሰው ሁሉ በየበሩ ጀልባ አስሯል፤ እናታችን የታጠበ ልብስ በመርከብ ምሰሶ ላይ አስጥተዋል፤ ኬላ የሚባል ነገር የለም፣ ወረቀት አሳዩ የሚል የለም፤ ፍቅርተም ከአዲስ አበባ በጀልባ ተቀምጣ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትመጣለች። አቶ ዘርዓይ ይህን ሲናገሩ ሦስት ጊዜ ሳቅ አቋርጧቸዋል፤ አቶ ገረዝጊሄርም ከባንኮኒው ጀርባ እየሳቁ "ጀልባዋን በባሬ በር ላይ እሰሩልኝ፣ ሻሂው በነጻ ነው!" ብለው ጮኹ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ሰው ነግሮኝ አይደለም። በማዞሪያው ኦፕሬተር ሆኜ እንደምሠራ ቤተሰቤ ያውቃል፤ ከዚያ ዓመት በፊት ግን አማርኛሽ ጥሩ ነው ተብዬ ወደ ኋለኛው ክፍል መዛወሬን፣ በዚያም ማዳመጫ በጆሮዬ አድርጌ የሰዎችን የትግርኛ ንግግር በአማርኛ እየጻፍሁ ለጸጥታ ሰዎች እንደማስረክብ ማንም አያውቅም ነበር። የዚያን ቅዳሜ ተረኛዋ እኔ ነበርሁ። የወንድሜን ድምፅ ከመጀመሪያው ቃል ለየሁት። የሥራ ጓደኞቼ የዘመድ ድምፅ ሲሰሙ "መስመሩ ጥሩ አልነበረም" ብለው ጽፈው ያልፉ ነበር፤ ዘዴውን እኔም አውቀው ነበር። አልተጠቀምሁበትም። ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም፤ ሕልሙ አማረኝ። በማዳመጫው ውስጥ ያ ሞቃት ባሕር ወደ እኔ የመጣ ያህል ሆኖ ተሰማኝ፤ በድርሰት እንደ ተሸለመች ተማሪ ሆኜም ቃላቱን እየመረጥሁ፣ የተቆራረጠውን እየቀጠልሁ፣ አንድም ስርዝ ሳይኖርበት ጻፍሁት። ሳቅ አይጻፍም ብዬ ሳቃቸውን ተውሁት። የአቶ ገረዝጊሄርንም ድምፅ ከደዋዮቹ ስላልሆነ ተውሁት።

ሰኞ ዕለት መጥተው ወሰዷቸው። ባሕሩ ማን ነው፣ ጀልባዎቹ ስንት ናቸው፣ ጫማ በእጅ መያዝ የምን ምልክት ነው እያሉ ጠየቋቸው፤ ሕልም ነው ብለው ሲመልሱም፣ ሕልም እንዲህ ተስተካክሎ አይነገርም፣ ይህ ቀድሞ ተጽፎ የተነበበ መልእክት ነው አሏቸው። ያስተካከለችው የእኔ እጅ ናት። አሥራ አንድ ወር ታሰሩ።

ሰፈሩም ምክንያት ፈለገ። አቶ ገረዝጊሄር ሁሉን ሰምተው፣ አብረው ስቀው፣ እርሳቸው ግን ሳይያዙ ቀሩ፤ ስለዚህ ወሬኛው እርሳቸው ናቸው ተባለ። "እዝኒ" ብለው ሰየሟቸው፤ ጆሮ ማለት ነው። ሰው እግሩን ከባራቸው አነሣ፤ እናታችን ሰላምታቸውን ሳይቀበሉ ዐረፉ፤ በ1979 ባሩ ተዘግቶ አቶ ገረዝጊሄር በዓኽርያ በቆርቆሮ ሥራ ተቀጠሩ። እኔን ፌርማታው ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ያነሡልኝ ነበር፤ ከጀርባዬ አንዱ "እዝኒ መጣ፣ ዝም በሉ" ሲል እየሰማሁ አውቶቡስ እሳፈር ነበር። አቶ ዘርዓይም ያለ ማስረጃ ማንንም አልጠረጥርም ይሉ ነበር፤ ነገር ግን ከእስር ከወጡ በኋላ ወደዚያ ባር አንድም ቀን አልገቡም። ፍጹም ሰው ነበሩ ብዬ በሬሳቸው ፊት አልዋሽም።

በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፍቅርተ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ልጃቸውን ብሩህንና ልጃቸውን ሃናን ወለዱ። ነጻነት በመጣ ማግስት የጥብቅና ፈቃድ አውጥተው የራሳቸውን ጽሕፈት ቤት ከፈቱ፤ ማዞሪያውን የለቀቅሁትን እኔንም በጸሐፊነት ቀጠሩኝ። ሌሎች ጠበቆች በቤትና በንግድ ክርክር ሲጠመዱ፣ እርሳቸው የያዙት ሙያ ስም እንኳን አልነበረውም፤ የሰውን ድምፅ፣ መልክና ምስጢር ከመሣሪያ የመጠበቅ ሙያ ነው። ከባሏ የተለየች አንዲት ሴት የሙሽርነት ፎቶዋ በፎቶ ቤት መስኮት ተሰቅሎ፣ በየቀኑ ወደ ሥራ ስትሄድ እያየችው ታለቅስ ነበር፤ አቶ ዘርዓይ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ሃያ ሰባተኛ አንቀጽ ጠቅሰው እንዲወርድ ሲጠይቁ ባለ ፎቶ ቤቱ "ያነሣሁት እኔ፣ ብርሃኑ የእኔ!" ብሎ ተቆጣ፤ እርሳቸውም "ብርሃኑን ያስቀሩት፣ ፊቷን ይመልሱላት" አሉት፤ ወረደ። አንድ ክሊኒክ የበሽተኞቹን ካርድ ወደ ኮምፒውተር ባስገባ ጊዜ፣ የኮምፒውተሩ መስተዋት ወደ ተራ ጠባቂዎቹ አግዳሚ ወንበር ዞሮ የአንዱን በሽታ ሌላው ሲያነብ አይተው፣ በመጀመሪያ ጠረጴዛውን በገዛ እጃቸው አዞሩት፤ ቀጥለውም ካርዱን ማን እንደሚከፍት፣ ማን እንደማይከፍት የሚወስን ደንብ ጽፈው አስፈረሙ። ለእኛ ቢሮ ኮምፒውተር ሲገዛም ባለጉዳይ ሊናገር ሲል ነጠላ ያለብሱትና "ማኪናዋ ትተኛ"፣ መሣሪያዋ ትተኛ ይሉ ነበር፤ ባለጉዳዩም ይስቅና ልቡ ይከፈት ነበር።

ትልቁ ሥራቸው በ1987 ዓ.ም. ነው። አንድ አሠሪ ከቀድሞው ዘመን የተረፈ የስልክ ጽሑፍ ከየትም አግኝቶ ሠራተኛውን ለማባረር በማስረጃነት ሲያቀርብ፣ አቶ ዘርዓይ ተከራክረው፣ ጽሑፉ በችሎት እንዳይነበብ፣ እንደዚያ ያሉ ወረቀቶችም ለተናገሯቸው ሰዎች እንዲመለሱ አስወሰኑ። የጸሐፊዎቹ ስም በቁጥር ተሰውሮ ነበር፤ አቶ ዘርዓይ የቁጥሩ ዝርዝር እንዳይከፈት ጨምረው ጠየቁ፤ እነዚያም ሴቶች ተገደው ነው፣ ልጆች አሏቸው አሉ። ያን ማመልከቻ በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወረቀቶቹ በከረጢት ወደ ቢሮአችን መጡ፤ ሰዎችም እየመጡ የራሳቸውን ድምፅ እየፈረሙ ወሰዱ። አንዱ ደጃፍ ላይ አቃጠለው፤ አንዲት ሴት የሟች እናቷን ቃል አግኝታ ወረቀቱን ሳመችው፤ አንዳንዱ እየደጋገመ አንብቦ፣ ከሩቅ አገር የተመለሰ ይመስል በከተማው ዝግ ብሎ እየተራመደ ይሄድ ነበር።

በዚያው ሳምንት አቶ ገረዝጊሄር ቢሮ መጥተው "ዘርዓይ ወደይ፣ ልጄ፣ የአንተ ወረቀት የት እንደ ተጻፈ ያሳያል፤ በእኔ ባር እንዳልተጻፈ ያሳያል። ፈልግልኝ" አሏቸው። አቶ ዘርዓይ ሦስት ቀን ከረጢቶቹን በረበሩ። እኔም አብሬያቸው በረበርሁ፤ ወረቀቱን ግን ከረጢቶቹ በመጡበት ዕለት አግኝቼ በቦርሳዬ ደብቄው ነበር። በመጨረሻ "የሁሉም ሲገኝ የእኔን ሕልም አይጥ በላው" ብለው ሳቁ፤ አቶ ገረዝጊሄርም ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

አቶ ዘርዓይ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። ከሰዓት በኋላ እየሄድሁ አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ፣ ወረቀቱ በጭኔ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ስል እርሳቸው ያዩትን ሕልም እየነገሩኝ ያንቀላፉ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። አልነገርኋቸውም።

ዜና ሕይወታቸውን እንድጽፍ ወይዘሮ ፍቅርተ ሲጠይቁኝ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በመስኮቱ ብርሃን ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ሕልሙ የዘርዓይ ነው፤ ዘርዓይ ግን የለበትም" አሉኝ፤ "ሳቁን የት አደረግሽው?" ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና "ለእኔ መንገርሽ አይበቃም። እኔም ያን ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ረግሜዋለሁ። እርሱ ባለበት፣ ሰፈሩ ሁሉ ባለበት ታነቢዋለሽ" አሉኝ። ጥፋቴን የጻፍሁት በአማርኛ ስለ ነበረ የማነበውም በአማርኛ ሆነ። አብረውኝ በዚያ ክፍል የነበሩትን ሴቶች ስም አልጠራም፤ ወንድሜ የዘጋውን ዝርዝር የምከፍተው በራሴ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሬ ዘጠኝ ነበር።

ስለዚህ በሁላችሁ ፊት እመሰክራለሁ፤ አቶ ገረዝጊሄር ማንንም አላሳጡም። ከዛሬ ጀምሮ በስማቸው ብቻ ጥሯቸው። ቤተሰቡ አስከሬኑን ከሚሸከሙት ጋር እንዲቆሙ፣ በለቅሶውም ቤት ከልጆቹ አጠገብ ተቀምጠው ሐዘን እንዲቀበሉ ለምኗቸዋል። የእኔን እጅ መጨበጥ የማይችል ሰው ቢኖር አልቀየመውም።

አቶ ዘርዓይ አስፍሃ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፍቅርተ ደጉ፣ ከልጆቻቸው ከብሩህና ከሃና፣ ከጓደኛቸው ከአቶ ገረዝጊሄርና ከእህታቸው ከእኔ በሞት ተለይተዋል። የሰውን የልብ ምስጢር ሁሉ የሚያውቅና በማንም ላይ የማይገልጥ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለሚስታቸውና ለልጆቻቸው ብርታትን ይስጥልን፤ አሜን።

አቶ ገረዝጊሄር፣ ሰው ሁሉ እያየዎት ነውና በለቅሶ ላይ እንደሚደረገው አሁን ተነሥተው ይቅር ብያለሁ እንዲሉኝ አልጠይቅዎትም። ቤትዎ ገብተው፣ ብቻዎን ሆነው፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ወስደው ያስቡበት፤ ይቅር ባይሉኝም መብትዎ ነው።