የረቡዕ የጸሎት ርዕስ

ሳሮ፣ ሳሮ፣ ሰላም ነው ወይ የአሮን እናት! ግቢ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያስቆምሻል? ዘንድሮ ዝናቡ ሰውን አማረረ አይደል? እኔ ግን አላማርርም። ለጎደሬውም ለእንሰቱም ጥጋብ ነው፤ ጭቃው ደግሞ ጫማ እንጂ ነፍስ አያቆሽሽም። ነይ፣ እዚህች በርጩማ ላይ አረፍ በይ። ዳጣ ልፈጭ ብዬ ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ቃሪያውን ተይው፣ እሱን ለእኔ፤ አንቺ ሽንኩርቱን ብቻ አግዢኝ። አሮን እንዴት ነው? ጨዋ ልጅ! ባየኝ ቁጥር ባጃጁን አቁሞ ነው ሰላም የሚለኝ።

ትዕዛዝ? ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ጠየቅሽኝ ራሱ ደስ አለኝ። ሰው እኮ ለልጄ ይጸልያል እንጂ ደህና ናት ወይ ማለት ከተወ ቆየ... አይ፣ ቁጭ በይ። ምን ያስነሣሻል? እሁድ ከሰዓት ምን ሥራ አለና! ቤት አለች የለችም እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ሽንኩርቱን።

የእንስሳት ሐኪም ሆና በዴሳ ከተማ ሥራ ከገባች ይኸው ሁለት ዓመቷ። ውጣ ውረዱን ምን ብዬ ልንገርሽ! መጀመሪያ የገባች ሰሞን ገበሬው በሬውን እየጎተተ ይመጣና፣ ‘ዶክተሩ የት አለ?’ ይላል። ‘እኔ ነኝ አባባ።’ ‘አይ፣ ትልቁን ማለቴ ነው።’ ‘ትልቋም እኔ ነኝ።’ ሰውየው በሬውን ያያል፣ እሷን ያያል፤ ቁመቷን ታውቂው የለ፣ ከበሬው ቀንድ በታች ናት። ‘እንግዲያው ቁጭ ብለን አባትሽን እንጠብቃለን’ አይላት መሰለሽ! መጥታ ስትነግረኝ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

የሚኒባሱ ረዳት ደግሞ አለልሽ። ቦት ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ ስትገባ አፍንጫውን ይዞ፣ ‘እህት፣ ኋላ፣ ጎማው ላይ’ ይላት ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ጎማው ላይ ተቀምጣ ሄደች። አንድ ቀን የእናቱን ፍየል አዳነችለት። አሁን ጋቢና ማን ይቀመጣል? ሌላ ሰው ቀድሞ ገብቶ ቢያገኝ፣ ‘ውረድ አባቴ፣ የዶክተር ነው’ ይላል አሉ። ኤርሳዶ የሚባል ገበሬም ያዳነችለትን ጊደር በእሷ ስም ሰይሞልሽ፣ ‘ትዕዛዝ! ነይ ውሃ ጠጪ!’ ብሎ ሲጣራ የእኔዋ በዚያ ታልፍ ኖሮ ‘አቤት’ ብላ ዞረች።

ሁልጊዜ ሳቅ ብቻ ነው አልልሽም። ባዳቾ የሚባሉ ሽማግሌ ያመጧት ላም ዘግይታ መጥታ እጇ ላይ ሞተችባት። የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ‘አዬ፣ እናቴ፣ የሰውየው ላም እኮ አንድ ብቻ ነበረች’ እያለች። በሳምንቱ ሽማግሌው ራሳቸው አቮካዶ በዘንቢል ይዘው መጡ። ‘ላሜን አላዳንሽም፣ ግን እጅሽ አልተኛም’ አሏት። ይህን ሁሉ በደስታ የምነግረው አንድ ሰው ነበረኝ። የላሟን መሞት ስነግራትም፣ ‘እጅም ዕድል አለው፣ ምን ይደረጋል’ አለችኝ። ማጽናናቷ ነው። ልቧ ሩኅሩኅ ነው።

ማን እንደሆነች ስም አልጠራም። ሰው ማማት ኃጢአት ነው። ስም ሳይጠሩ መናገርን ደግሞ በቅርቡ ነው የተማርኩት፤ አስተማሪዬ ጎበዝ ናት።

ያቺ እህታችን መቼም ለጸሎት የተሰጠች ናት! እኛ ለገዛ ልጆቻችን ስንጸልይ እንኳ እናዛጋለን፤ እሷ የራሷን ትታ ለሰው ልጅ ታለቅሳለች። ትልቋ ልጇ ሻንጣዋን ይዛ ከባሏ ቤት ከተመለሰች ይኸው ስምንት ወሯ፤ አንድም ረቡዕ ስለ እሷ ተነሥቶ አያውቅም። ይህን ያህል ለሌላው ማሰብ ጸጋ አይደለም ትያለሽ?

ያን ጊዜ በሴቶች ጸሎት ላይ ተነሥታ ያለችውን ታስታውሺያለሽ፣ ከአጠገቧ ነበርሽ። ‘እህቶች፣ ስሟን አልጠራም፤ የአንዲት እህታችን ልጅ ናት፤ ጧት ጧት በሚኒባስ በዴሳ ትሄዳለች፤ ቦት ጫማ ታደርጋለች፤ ላም ታክማለች፤ እናቷም እዚሁ መካከላችን አለች።’ ከዚህ ተነሥቶ ማን እንደሆነች ማን ሊያውቅ ይችላል? ሠላሳ ስምንት ራስ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዞርኩ... ማን ትሆን ብዬ።

‘ጌታ ሆይ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ክንዷን ከላም ሆድ አውጣና ጎጆዋ ውስጥ አስገባት! ከከብት ጋር ውላ የምትገባን ሴት ማን ብሎ ሽማግሌ ይልካል? አንተ ሽታዋን ለውጥ!’ ሽታዋን... ልጄ እኮ በቀን ሁለት ጊዜ ነው የምትታጠበው። ግን ጸሎት ነው፤ ለጸሎት ምን ይባላል? አሜን ነው የሚባለው። አንቺም አልሽ፤ ድምፅሽ መቼም የመዘምራን ነው። እኔም አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ስለ ነበር አፌ ለምዶ ቀደመኝ።

ጌታ ‘በርህን ዘግተህ ጸልይ’ ብሏል፤ የእኛ አዳራሽ በር ተበላሽቶ ይሆናል። ያቺ ጸሎት ከረቡዕ ረቡዕ እየበረታች ሄዳ በአራተኛው ሳምንት ናጂያ ሱቅ ደረሰች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ዛሬ ከአፍ የወጣ ሱቅ ነው የሚገባው። ናጂያን ታውቂያታለሽ፣ የስልጤዋን። ጨው ልገዛ ብገባ እጄን ይዛ፣ ‘ትዕዛዝን ምን አገኛት? ቸርቹ በሙሉ እየጸለየላት ነው አሉ። አላህ ይማራት’ አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልጄ ከኋላዬ ስኳር ይዛ ቆማለች። ‘ደህና ነኝ ናጂያ’ አለች፤ ሳቀችም። ያንን ሳቅ ግን አላወቅሁትም። የእኔ ልጅ ሳቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕም እሁድም ‘ተረኛ ነኝ’ ማለት አመጣች። ላሞቹ በእሁድ ብቻ የሚታመሙ ሆኑ። ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ የዝውውር ቅጽ አገኘሁ። ጂንካ ይላል። ጂንካን ታውቂያለሽ? እኔ አላውቀውም። በካርታ አሳየችኝ፤ ጣቷን ከእኛው ከሶዶ አንሥታ ወደ ታች ስታወርደው፣ ስታወርደው... ‘ልጄ፣ እዚያ ምን አለሽ?’ አልኳት። ‘ከብት አለ፣ አዬ’ አለችኝ። ‘ደግሞ እዚያ ማንም አይጸልይልኝም።’

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ የአሮን እናት... ይሁን።

ብቻ የጌታ ሥራ ድንቅ ነው። ትናንት ምጥ የጠናባት የማን ላም ናት? አንቺ ጎረቤቷ ነሽ፣ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። የዚያችው የጸሎት ሴት የፈረንጅ ላም! እህታችን መጀመሪያ ጸለየች። ቀጥላ ከብት በማዋለድ ባለ እጅ ነኝ የሚለውን ሰውዬ አስጠራች፤ መጥቶ አየና ‘ከባድ ነው’ ብሎ ቆሎ በልቶ ሄደ። ቀጥላ ‘ወንዱን ዶክተር’ አስፈለገች፤ አረካ ሄዷል አሏት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ቀረ? ያቺ ሽታ ቀረች።

ቅዳሜ እረፍቷ ነው፤ ፀጉሯን ልትሠራ ቀጠሮ ይዛ ነበር። እኔስ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ‘ተይ፣ አትሂጂ’ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቦት ጫማዋን አድርጋ ጨርሳለች። ‘ላሟ ምን አደረገች፣ አዬ?’ አለችኝ።

ጥጃዋ በኋላዋ ዞራ መጥታ ኖሯል። ልጄ እጇን እስከ ብብቷ አስገብታ፣ የጥጃዋን እግሮች አንድ በአንድ ፈልጋ አቃንታ፣ በገመድ ስባ አወጣቻት። እህታችንስ የት ነበረች? ጅራት ይዛ! ‘እማማ፣ ጅራቷን ይያዙልኝ’ ብትላት ያዘች። ክንዷን ከላም ሆድ አውጣ ብላ አራት ረቡዕ የጮኸችው ሴት፣ ‘አታውጪ ልጄ! በኢየሱስ ስም እንዳታወጪው!’ እያለች ትለምን ነበር አሉ። እንዲህ በአንድ ቀን የሚገለበጥ ጸሎት አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሴት ጥጃ ናት። እንኳን ደስ ያላት፤ ከልቤ ነው።

ዛሬ ጧት እንግዲህ ልጄን ለመንኳት። ‘ዛሬ እንኳ ነይ፤ ምስክርነት ትሰጣለች፤ ያደረግሽውን ሰው ይስማ።’ መጣች፤ ኋላ ተቀመጥን። እህታችን ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ‘ሰው ሁሉ ትቶኝ ሳለ የጌታ እጅ መጣልኝ!’ አለች... ሌላ ነገር ሰማሽ? እኔም አልሰማሁም። እውነቷን ነው፣ አልዋሸችም፤ ያለ እሱ ምን ይሆናል? እኔ ግን ሃምሳ ሁለት ዓመት በዚህች ምድር ስኖር የጌታን እጅ በለጋ ቅቤ ያሸሁት ትናንት ነው። እስከ ትከሻው በልዟል። ማንኪያ ማንሣት አቅቶት እኔ ነኝ ያጎረስኩት... አየሽ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ማለት ይህ ነው። ስሟን ለምን አልጠራችም እንዳትዪኝ ደግሞ። ልማዷ ነው፤ ስም አትጠራም።

ልጄ አላለቀሰችም። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ አጨበጨበች፤ አንዱ ክንዷ አልነሣ ስላላት በሌላው ጉልበቷን እየመታች። ቤት ገብታ ምሳዋን በላች፣ እስክሪብቶ ፈለገች፣ ቅጹን ሞላች። ነገ ልታስገባው።

አሁንስ ምን ያቁነጠንጥሻል? አውቃለሁ። ለምን እንደ መጣሽ ገና በር ላይ ሳለሽ አውቄያለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ይባል ነበር፤ የእህታችን ላም ግን ምድር ላይ ተኝታ መነሣት አቅቷታል። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋለች፣ የሰፈሩ ወንድ ሥጋ ሳይበላሽ ብሎ ቢላ መሳል ጀምሯል። እሷ ደግሞ መደወሉ ከበዳትና አንቺን ላከች። እፍረት እንዳይመስልሽ። ትሕትና ነው።

አትደንግጪ፤ ትዕዛዝ ከሄደች ቆየች። አባወራው ራሱ ደወለላት፣ ‘ዶክተር ትዕዛዝ’ ብሎ። በዚያ ቤት ለካ ስሟን የሚያውቅ አለ! ‘እኔ ሳልደርስ ቢላ የሚባል እንዳታወጡ’ አለችው፤ ወልዳ መነሣት ላቃታት ላም የሚሰጠውን የካልሲየም ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በጓሮ በር ወጣች። አንቺ በዚህ ስትገቢ እሷ በዚያ። ታዲያ ለምን አስቀመጥኩሽ? ምን ላድርግ፣ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው አጣሁ።

ቆይ፣ ስልኬ ነው... አቤት ልጄ። ቆመች? በእግሯ? ውሃም ጠጣች! ተመስገን፣ ተመስገን... እ? እስከ ረቡዕ? እሺ። ቅጹስ?... እሺ ልጄ። እሺ።

ሰማሽ? ቆመች። ቢላውም ወደ ሰገባው። ‘ሕመሙ ሊመለስባት ስለሚችል እስከ ረቡዕ ማታ እየተመላለስኩ አያታለሁ፤ ቅጹን ሐሙስ አስገባዋለሁ’ አለችኝ። ሐሙስ እንግዲህ... ከሐሙስ በፊት ምን ቀን አለ?

እኔ ምንም አላልኩም። እህታችን ረቡዕ ተነሥታ ‘ላሜን ሁለት ጊዜ ያዳነችልኝ የእገሊት ልጅ ትዕዛዝ ናት’ ትበል ብዬሻለሁ? አላልኩሽም። ‘ያችን የጸሎት ርዕስ ከዝርዝሩ እናውጣት፤ ልጅቷ ምንም አልጎደላትም’ ትበል ብያለሁ? እኔ! ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ፤ እኛ ጠጁን ከተውን ቆየን፣ ምሳሌውንም እኔ የት አውቄ! ሽንኩርት ነው የላጥነው።

ሂጂ እንግዲህ፣ ሰላም በይልኝ። ቅያሜ እንደሌለኝ ንገሪያት። እንዲያውም ሁልጊዜ የጓዳዬን በር ዘግቼ እጸልይላታለሁ። ምን እያልሽ ብትልሽ፣ እንዲህ ነው የምለው፦ ‘ጌታ ሆይ፣ ለዚያች ደግ እህቴ ዕድሜና ጤና ስጣት። ለልጄ ብላ እያለቀሰች የለመነችህን ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር፣ ለሁለቱ ሴቶች ልጆቿ እጥፍ አድርገህ ስጣቸው፤ እሷንም ቁጭ ብላ ይህን ለማየት አብቃት።’