በቅሎዋ ሳትቀር

ታላቅ ወንድሜ ከማረፉ በፊት የነበረው ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። ለአእምሮ ሕመሙ የሚወስደውን መድኃኒት ልናመጣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በታክሲ እንሄድ ነበር። ከፊታችን አንድ የገጠር ሽማግሌና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነው አያ?» አለች ሴትዮዋ።

«ወደ ዳባት፣ ወደ ቤቴ። ልጄ እዚህ ጠበል ናት። አእምሮዋን አሟት።»

«እግዜር ይማርልዎ። ሐኪምስ አላያትም?»

«አይቷታል። መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር ትውጣለች። ቄሱም ዋጪ ብለዋታል።»

«ሸጋ ነዋ! ታዲያ ምነው ከፋዎ?»

«አሁን አገር ስገባ ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል። ሚስትህ ደህና? ከብቱ ደህና? በቅሎዋ ሳትቀር ትጠየቃለች። ልጄን ግን የሚጠይቅ የለም።»

«እንዳይከፋዎ ብለው ይሆናል።»

«ባይጠይቁኝ ነው የሚከፋኝ። በቅሎዋማ ባትጠየቅ አትቀየምም።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ዝም ያለው ወንድሜ ጎንበስ አለ።

«አያ፣ ስሟ ማን ነው?»

«የማን? የበቅሎዋ?»

«የልጅዎ።»

ሽማግሌው ዞሮ አየው።

«ብርቄ።»

«ብርቄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ልጄ። ትናንት ፀጉሯን ተሠርታ ጠበቀችኝ።»

ወንድሜ ሌሊቱን በእንቅልፉ አረፈ፤ በማግስቱ ጠዋት መርዶውን ልናገር ስወጣ ገና ያልሰማው ጎረቤታችን የእኔን፣ የእናቴን፣ የላሚቱን ሳይቀር ደህንነት ጠይቆኝ ሲጨርስ፣ ወንድሜንም ይጠይቀኝ እንደሆነ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት።