የልጁ አሜን

ጎንደር፣ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ፣ በሕመም አንደበታቸው የተያዘ ልጆችን ንግግር አለማምዳለሁ። ሰሞኑን አንዲት እናት ደሜን አፈላችው። ከአገራቸው ከሳንጃ የመጣ ጠያቂ ሁሉ ልጇን «እግዜር ይማርህ» ሲለው፣ እሱ አፉን ከፍቶ «አ» ሳይል እሷ «አሜን!» ትላለች። ሳምንቱን ሙሉ የለፋንባትን ቃል ትነጥቀዋለች! «ኧረ ተይ፣ እሱ ይበለው» ስላት «ምርቃቱ መሬት ወድቆ ይቅር?» ብላ ትቆጣኛለች።

ትናንት አንድ ሽማግሌ ገብተው «ይማርህ ልጄ» ሲሉት፣ ቀድማው አፏን ስትከፍት በመዳፌ ግጥም አድርጌ ያዝኩት። «ምነው፣ እናቱን ታፍኛታለሽ? ምን ያለሽ ባለጌ ነሽ!» ብለው ሽማግሌው ጮኹብኝ። አልለቀቅኋትም። ልጁ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ታግሎ ታግሎ «አ... ሜን» አለ። እናቱ እጄን አሽቀንጥራ ጣለችና አፈጠጠችብኝ፦ «ምነው ቀደም ብለሽ ባፈንሽኝ!»