ዝናብ እንዳይነካው

በድሩዬ፣ እንዴት አደርክ? አዚዛስ ደህና ናት? ልጆቹስ? እሰይ። እስቲ ግማሽ ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማር መዝንልኝ... የትምህርት ቤታችን ጣሪያ ያፈሳል። የማታውን ዝናብ ሰማኸው አይደል? ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጎርፍ አንድ ባጃጅ ከነሹፌሩ ወደ ገበያ ሸኝቶልናል! ሹፌሩ ደህና ነው፤ እንዲያውም ሲስቅ ነበር።

ቆርቆሮ ስል ትዝ አለኝ... ያ የሚያብለጨልጨው ቆርቆሮ ካንተ ሱቅ ነው አይደል የተገዛው? አይ፣ ስም አልጠራም። ሰው ማማት እንደማልወድ ታውቀኛለህ። ሰብሳቢ አድርገን የመረጥናቸው ሰው እንዴት ያሉ አሳቢ እንደሆኑ ላመሰግን ብዬ ነው።

አንተም አባል ነህና ፍረድ፤ የአየር ሁኔታ ማኅበራችን ሶዶ ቅርንጫፍ ከአዲስ አበባ አዲስ የዝናብ መለኪያ ሲላክለት፣ እንደ እሳቸው የተንሰፈሰፈለት ማን ነው? እኔ ሞኟ መምህርት አሮጌውን በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ገትሬ ስንት ክረምት አስደብድቤዋለሁ! እሳቸው ግን «እንዲህ ያለ ውድ ዕቃ እንዴት ዝናብ ይመታዋል?» አሉና፣ ግቢያቸው አስገብተው፣ አራት እንጨት አቁመው፣ በቆርቆሮ ከደኑለት። የዝናብ መለኪያውን! ... ቆይ፣ ልሳቅና ልቀጥል።

ምረቃውንስ ታስታውሳለህ? ሪባኑ ሊቆረጥ ሲል ዶፉ ወረደ። እንግዳው ሁሉ የት ተጠለለ? እዚያው ቆርቆሮ ሥር! ፓስተሩ፣ መምህራኑ፣ የቀበሌው ሰው... ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ መለኪያው መሃላችን ደረቅ እንዳለ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩና «ዛሬ ጠብታ የለም» አሉን። ጫማዬ ውሃ ሞልቶ እየተንቦጫረቀ አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ፣ ሁሉም ሲያጨበጭብ?

በግምገማው ቀንስ ማን ተነፈሰ? አንተ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር፤ እኔን ደግሞ ሳል ይዞኝ ነበር። ከአባላቱ ደፍራ የተነሳችው ሩት ብቻ ናት፤ «የሰብሳቢያችን ድክመት ራሳቸውን አለመንከባከባቸው ነው» ብላ ያን ከባድ ሂሷን አወረደችባቸው! እሳቸውም ሂሱን ተቀበሉ... ምን ዓይነት ትሕትና ነው?

እናልህ ሐምሌን በሙሉ ሶዶ ዜሮ! አረካ ያለው መለኪያ ሞልቶ ይፈሳል፣ በዴሳ ከተማም ይዘንባል፣ እኛ ዳሞታ ሥር ተቀምጠን በረሃ ሆንን። ከዋናው ጽሕፈት ቤት ደውለው «ሕዝቡ ውሃ ከየት እያገኘ ነው?» ብለው አዘኑልን። ስልኩን በአንድ እጄ ይዣለሁ፣ በሌላው ጃንጥላ።

መሳቄን አትይብኝ፤ አንጀቴ አርሯል። ነሐሴም ዜሮ ከሆነ መለኪያውን ነቅለው ለሌላ ከተማ ሊሰጡብን ነው። አሮጌው ሳለ ተማሪዎቼ ጠዋት ጠዋት ለመለካት ሲሽቀዳደሙ... ገበሬው በአጥር ላይ «መምህርት፣ ስኳር ድንቹን ልትከል ወይስ ልቆይ?» ሲለኝ... ያ ሁሉ ጨርሶ ሊቀር ነው። ይኸው ቅዳሜ የሰብሳቢ ምርጫ ነው። «እኔን ምረጡኝ» የሚል ቃል ወጥቶኝ ያውቃል? እጅህ ያንተ ነው። ብቻ ከማንሳትህ በፊት አንድ ጊዜ ከጣሪያው ሥር ወጣ በልና ሰማዩን እየው።

ውይ! እዚያ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው እንዴ? የእኔ ድምፅ ደግሞ! ... ቢሰሙም ይስሙ፣ ያወራሁት ምስጋና ነው። በል ሚስማሩን ጠቅልልልኝ፤ ጠቅልለህም አሚን በል። ፈጣሪ የልፋታቸውን ዋጋ አያስቀርባቸው፤ ጤናውን፣ ሀብቱን፣ በረከቱን ሁሉ እንደ ሐምሌ ዝናብ ያውርድላቸው... የወረደላቸውንም በዚያው ግቢያቸው ባለው መለኪያ ለክቶ ይስጣቸው።